ከዩቲዩብ ወደ ዳርክ ዌብ የሚወስድ መንገድ አለ ወይ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋ በመምህራንና በወላጆች ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለከተማዋ ልጆች ከልባቸው ተጨንቀው እንደጻፉት ያስታውቃል። ክርክራቸው ሲጨመቅ አራት ነጥብ ይወጣዋል። እንደ ዩቲዩብና ቲክቶክ ያሉ መተግበሪያዎች «ቀጥሎ ይህን እይ» የሚሉበት የጥቆማ ሥርዓት፣ በተለምዶ ሪኮመንዴሽን ሲስተም የሚባለው፣ ልጆቻችንን ደረጃ በደረጃ እየጎተተ ዳርክ ዌብ፣ ማለትም በልዩ ሶፍትዌር ብቻ የሚከፈተውና የወንጀል ገበያዎች የሚገኙበት ስውር የኢንተርኔት ክፍል፣ ያደርሳቸዋል ይላሉ። ዳርክ ዌብ ከኢንተርኔቱ 96 በመቶውን ይይዛል ይላሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች ይህን የወንጀል ገበያ አጥንተው ማሳተማቸው ወንጀለኛን ማሠልጠን ስለሆነ የእኛም ተማሪዎች ከርዕሱ እንዲርቁ ይመክራሉ። በመጨረሻም የተጠቃሚውን ማንነት የሚሰውረው፣ ቶር የተባለው መረብ እንዲዘጋና የስልክ ተጠቃሚውን ሁሉ እየተከታተለ ተጠርጣሪ የሚጠቁም ሥርዓት እንዲተከል ይጠይቃሉ።

እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት በጥቆማ ሥርዓት ላይ ነው። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ከዚራ ሰፈር የማውቃቸው ወላጆች ባገኙኝ ቁጥር «እውነት ነው ወይ?» ስለሚሉኝ መልሴን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥኩ። ከአራቱ ነጥቦች በአንዱም ጸሐፊው ባቀረቡበት መልክ አልስማማም፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ሥር እሳቸው ራሳቸው ያላዩት እውነት ስላለ ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚያ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት የአዋጅ ቁጥሮች ካልሆኑ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶሎ በሚያልቀው ልጀምር። 96 በመቶ የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚዞረው ጫፉ ብቻ ከባሕር በላይ ከሚታይ የበረዶ ተራራ ሥዕል ጋር ሲሆን የወለደው የሁለት ስሞች መምታታት ነው። ዲፕ ዌብ የሚባለው ጉግልና መሰሎቹ ፈልገው የማያገኙት ገጽ ሁሉ ነው። ጸሐፊው የኢሜይል ሳጥናቸውን ሲከፍቱ፣ ተማሪያቸው በይለፍ ቃል ገብቶ ውጤቱን ሲያይ፣ ነጋዴው የባንክ ሂሳቡን ሲመለከት ሁሉም ዲፕ ዌብ ውስጥ ናቸው። ማይክል በርግማን በ2001 ባሳተመው ጥናት ይህ ክፍል በፍለጋ ከሚገኘው ድር ከ400 እስከ 550 ጊዜ ይበልጣል ብሎ ገምቶ ነበር፤ የለካው ግን የመረጃ ቋቶችን ነው። ዳርክ ዌብ በአንጻሩ እንደ ቶር ባለ ልዩ ሶፍትዌር ብቻ የሚከፈት ትንሽ ጥግ ነው። በቶር ተጠቃሚዎች መካከል እንኳ፣ ኤሪክ ጃርዲንና ባልደረቦቹ በ2020 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ለሕገ ወጥ ተግባር ወደሚያዘነብሉት ስውር ገጾች የሚገቡት በአማካይ 6.7 በመቶ ያህሉ ናቸው። የቀሩት በዚያ መረብ አልፈው የሚሄዱት ሁላችንም ወደምናውቀው ክፍት ኢንተርኔት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የጥቆማ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ቀፊራ ገበያ ድረስ መሄድ ይበቃል። አንዲት እናት ቀረፋና ቅርንፉድ ሲገዙ የቅመም ነጋዴዋ «ሄልስ አይጨምሩም?» ትላለች። ይህን የምትለው የእኚህን እናት ቤት አውቃ ሳይሆን ቀረፋና ቅርንፉድ አብረው የሚገዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለሻይ ሄልም እንደሚወስዱ በዓመታት ንግዷ ስላስተዋለች ነው። በ1994 ግሩፕሌንስ በሚል ስም የታወቀው ሥራ ለዜና ጽሑፎች ያደረገው፣ አማዞንም በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የተለወጠው የደንበኛው ብዛትና የማስታወስ አቅሙ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ። ነጋዴዋ መጠቆም የምትችለው መደብሯ ላይ ያለውን ቅመም ብቻ ነው፤ ለመጠቆምም ደንበኛዋ ማን እንደሆነ፣ ወይም ቢያንስ ምን እንደገዛ፣ ማስታወስ አለባት።

ዩቲዩብ የሚጠቁመው የዩቲዩብን ቪዲዮ ነው። ትርፉ ከማስታወቂያ ስለሆነ ሥርዓቱ የተሠራው ተመልካቹን እዚያው ለማቆየት እንጂ ወደሌላ መረብ ለመሸኘት አይደለም። ስውር ገጽ ደግሞ 56 ፊደላትና አኃዞች ያሉት አድራሻ አለው፤ ተራው የስልክ ማሰሻ (ብራውዘር) አይከፍተውም። ልጁ መጀመሪያ ቶርን ማወቅ፣ መጫን፣ አድራሻውንም ከሆነ ቦታ ማግኘት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላም ቶር የጥቆማ ሥርዓት የሚኖርበትን ምግብ፣ ማለትም ትዝታን፣ ይነፍጋል። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ በ1990ዎቹ የመነጨው ይህ ንድፍ የተጠቃሚውን መልእክት በምስጠራ ልብስ ላይ ልብስ ደርቦ በተለምዶ በሦስት መተላለፊያ ጣቢያዎች ያሳልፈዋል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ የሚያውቀው ከማን እንደተቀበለና ለማን እንደሚያቀብል ብቻ ነው። ማሰሻው ሲዘጋ ያየውን ይረሳል። በሙያችን አዲስ መጥ ሰው ስለራሱ ምንም ምልክት ስላልሰጠ ምን እንደሚጠቆምለት የማይታወቅበት ሁኔታ ትልቅ የምርምር ችግር ነው፤ ቶር ሁሉንም ሰው ዘወትር አዲስ መጥ ያደርገዋል።

የወንጀል ገበያዎቹ ግን አካውንት ያስከፍታሉና እዚያ ውስጥ ትዝታ አለ ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ቢኖር ትክክል ነው። ሆኖም ዕድሜያቸውን እንይ። ሲልክ ሮድ የተባለው ገበያ በ2011 መጀመሪያ ተከፍቶ በጥቅምት 2013 ተዘጋ። ኢቮሉሽን የተባለው በመጋቢት 2015 አስተዳዳሪዎቹ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት የደንበኛ ቢትኮይን ይዘው ተሰወሩ፤ ሌባ ሌባን ሰረቀ ማለት ነው። ገበያው በሞተ ቁጥር ትዝታውም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ በዚያ ዓለም ጥቆማን የተካው የሻጭ ስምና ከ5 የሚሰጥ ነጥብ ነው። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ኒኮላ ክሪስታን በ2012 ሲልክ ሮድን ለወራት በየቀኑ መዝግቦ ሻጮቹ በወር በድምሩ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያገኙ ያወቀው ገዢዎች በሚተዉት በዚያው አስተያየት ተመርኩዞ ነው። ከካይል ሶስካ ጋር በ2015 ያሳተሙት፣ 16 ገበያዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ 1 በመቶ የሚሆኑ ሻጮች ከጠቅላላው ሽያጭ ከግማሽ በላይ እንደያዙ አሳየ። የገዢው ዓይን የሚሄደው ወደታወቀ ስም ነው።

ታዲያ ሰው አድራሻውን ከየት ያገኛል? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮ ክርክራቸው የተሻለ መሬት ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዲፕዶትዌብ የተባለ ገጽ ለዓመታት የወንጀል ገበያዎችን አድራሻ ዘርዝሮ ያቀርብ ነበር፤ የሚገኘውም በተራ ማሰሻ በሚከፈተው ክፍት ድር ላይ ነበር። አንባቢው በዚያ በኩል አልፎ ገበያ ውስጥ ሲመዘገብ ባለቤቶቹ ድርሻ ይቀበላሉ። በግንቦት 2019 ሲያዝ የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ የተቀበሉት ክፍያ 8.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደደረሰ ገልጿል። ይህን ሥራ እኛ ምን ብለን እንደምንጠራው ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ደላላ ነው። በመንገዱ ላይ ቆሞ የሚያሻግረው አልጎሪዝም ሳይሆን ኮሚሽን የሚበላ ሰው ነበር።

አሁን ጸሐፊው ሳያውቁት የተጠጉትን እውነት ላንሳ። የጥቆማ ሥርዓት ለወንጀል አያግዝም ማለቴ አይደለም፤ የሚያግዝበት ቦታ ሌላ መሆኑን ነው የምለው። በሰኔ 2023 የስታንፎርድ ኢንተርኔት ኦብዘርቫቶሪ ተመራማሪዎች በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት ይዘት የሚሸጡ የአካውንት ሰንሰለቶችን አጥንተው፣ ኢንስታግራም የእነዚህ ሰንሰለቶች ዋና መድረክ እንደሆነና የጥቆማ ሥርዓቱም ገዢንና ሻጭን እንደሚያገናኝ አስታወቁ። ልብ ይበሉ፤ ይህ የሆነው ብዙዎቻችን የሠርግ ፎቶ በምንለጥፍበት መተግበሪያ ላይ ነው። ጄኔሲስ ማርኬት የተባለው የተሰረቀ የይለፍ ቃል ገበያም በሚያዝያ 2023 ሲዘጋ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ከተበከሉ ኮምፒውተሮች የተለቀሙ ከ80 ሚሊዮን በላይ የአካውንት መግቢያዎች ነበሩት፤ እሱም በዳርክ ዌብ ብቻ ሳይሆን በክፍት ድር ይሠራ ነበር። የፖለቲካ ጽንፈኝነትን በተመለከተ ግን ማስረጃው ወደሌላ አቅጣጫ ያዘነብላል፦ በ2023 የታተመ የአሜሪካ የዩቲዩብ ተመልካቾች ጥናት ጽንፈኛ ቻናሎችን የሚያዩት ጥቂቶች እንደሆኑ፣ እነሱም ቀድሞውኑ ቂም የያዙና ቻናሎቹን ራሳቸው የተከተሉ እንደሆኑ አግኝቷል። ይህን ጥናት እንደ ነጻ ማውጫ አልጠቀምበትም፤ መረጃው የተሰበሰበው ዩቲዩብ በ2019 ሥርዓቱን ካስተካከለ በኋላ ነው፤ ስለ አማርኛ ቪዲዮም የሚለው የለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት 2023 ስለ ሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ባወጣው ዘገባ የፌስቡክ አልጎሪዝም ጥላቻን እንዳስተጋባ መክሰሱን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ በእንግሊዝኛ የተጠና ሁሉ ለእኛ ይሠራል ማለት እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ከቤቴ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በስልኩ ላይ የመጣለትን «ቪዲዮ ላይክ በማድረግ ብቻ በቀን ገቢ ያግኙ» የሚል ማስታወቂያ ነካ። መጀመሪያ 200 ብር እውነትም ገባለት። ከዚያ «ደረጃህን ለማሳደግ» እየተባለ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቀመውን በሙሉ ላከና ሰዎቹ ጠፉ። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ለሳምንታት ስልኩ በተመሳሳይ ማስታወቂያ ተጥለቀለቀ። ሥርዓቱ የተረዳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ሰው እንዲህ ያለውን ይነካል። መታለሉን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም፤ ለእሱ መንካት ማለት መውደድ ነው። ልጁ እስከዛሬ ቶር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ጸሐፊው ወላጆች የልጆቻቸውን ስልክ እየከፈቱ ቶር መጫን አለመጫኑን እንዲያዩ መክረዋል፤ የአክስቴ ልጅ ስልክ ይህን ፈተና በሙሉ ነጥብ ያልፍ ነበር።

ተመራማሪዎችን በተመለከተ የሰነዘሩት ክስ ከሁሉም የከበደ ነውና በማስረጃ ልመልስ። ሲልክ ሮድን የመሠረተው ሮስ ኡልብሪክት የተገኘው ከተመራማሪዎች ጽሑፍ ጋር በተያያዘ ነገር አልነበረም፤ አንድ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት መርማሪ ገበያው ሊከፈት ሰሞን በክፍት ድር ላይ የተለጠፈን ማስተዋወቂያ በጉግል ፈልጎ፣ በዚያው የቅጽል ስም የተተወ የኢሜይል አድራሻ ስላገኘ ነው። አልፋቤይ የተባለው የወንጀል ገበያ አስተዳዳሪም በ2017 የተጋለጠው ለአዲስ አባላት በሚላከው መልእክት ውስጥ የግል የሆትሜይል አድራሻው ሾልኮ ስለነበር ነው። የሶስካና የክሪስታን ጥናት ደግሞ አንድ ገበያ ሲዘጋ ሻጭና ገዢ ወደሚቀጥለው እንደሚሰደዱና ሽያጩም ብዙ ሳይቆይ እንደሚያንሠራራ በቁጥር አሳይቶ ነበር። ይህንኑ ጠባይ ፖሊስ ከሁለት ዓመት በኋላ በተግባር ተጠቀመበት። የኔዘርላንድስ ፖሊስ ሃንሳ የተባለውን ገበያ ከሰኔ 20 ቀን 2017 ጀምሮ በድብቅ ራሱ ሲያስተዳድር ቆየ፤ በሐምሌ መጀመሪያ አልፋቤይ ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ ወደ ሃንሳ ጎረፉ፤ የአዲስ ተመዝጋቢው ቁጥር ስምንት እጥፍ አደገ። ሐምሌ 20 ቀን በሩ ሲዘጋ ከኔዘርላንድስ ውጭ ያሉ ገዢዎች 10,000 ያህል የመላኪያ አድራሻ በፖሊስ እጅ ነበር። ገበያን በቀጥታ መዝጋት ያልቻለውን፣ የገበያውን ጠባይ ማወቅ ቻለ።

ጸሐፊው ተመራማሪዎችን መውቀስ ካስፈለጋቸው እኔ የምቸገርበት ጉዳይ ነበረላቸው። በ2014 የካርኔጊ ሜለን የሶፍትዌር ምህንድስና ተቋም ተመራማሪዎች የቶር ተጠቃሚዎችን ማንነት የሚገልጥ ዘዴ ብላክ ሃት በተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ሊያቀርቡ ነበር፤ ዝግጅቱ ድንገት ተሰረዘ። በየካቲት 2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ በመከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ የተሠራው ያ ምርምር የሰበሰበው መረጃ በፍርድ ቤት መጥሪያ ለመርማሪዎች እንደደረሰ አረጋገጡ። በቁጥጥር ሥር ከዋሉት ጋር ምንም ያላጠፉ ሰዎችም በዚያ ሙከራ ውስጥ ሳይጠየቁና ሳያውቁ ተጠንተዋል። እዚህ ላይ የሙያ ሥነ ምግባር ተጥሷል ብዬ አምናለሁ። ግን የተጎዳው ወገን ጸሐፊው የሚፈሩት አይደለም፤ እዚህ የተነካው የወንጀለኛው ምስጢር ብቻ ሳይሆን የተራው ሰው ነው።

ይህ ወደ አራተኛው ነጥብ ያሻግረናል። ቶርን መዝጋት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በ2012 በአገራችን የቶር ግንኙነት የመረጃ ጥቅሎችን ውስጥ ድረስ በሚመረምር ቴክኖሎጂ ተለይቶ ተዘግቶ ነበር፤ የቶር ባለሙያዎችም በዚያው ሰሞን ግንኙነቱን ሌላ መልክ የሚያለብስ መሣሪያ አቀረቡ። ቀደም ሲል የጠቀስኩት የጃርዲን ጥናት ሌላም ነገር ያሳያል። ወደ ስውር ገጾቹ የሚገቡት የቶር ተጠቃሚዎች ድርሻ ነጻ በሚባሉ አገሮች 7.8 በመቶ ሲሆን ነጻ ባልሆኑት 4.8 በመቶ ነው። ብዙ በተዘጋበት አገር ሰው ቶርን የሚከፍተው በአብዛኛው የተዘጋውን ተራ ገጽ ለማንበብ ነው።

ተጠርጣሪ የሚጠቁመው ሥርዓት ግን ከሁሉም ያሳስበኛል፤ ጸሐፊው «99 በመቶ ትክክል ከሆነ ምን ይጎዳል?» ብለው ጠይቀዋልና አብረን እናስላው። በከተማችን 200,000 የስልክ ተጠቃሚ አለ፣ ከእነሱም መካከል 20 ሰው በእርግጥ በዚህ ወንጀል ውስጥ አለ እንበል። ሥርዓቱ ሃያዎቹን በሙሉ ቢይዝ እንኳ፣ ከቀሩት 199,980 ንጹሐን ላይ በ1 በመቶው ቢሳሳት 2,000 ገደማ ሰው ይጠቁማል። ለእያንዳንዱ ወንጀለኛ 100 ንጹሕ ሰው ማለት ነው። ዩቲዩብ በዚህ መጠን ቢሳሳት የሚያስከትለው አንድ የማይወዱትን ዘፈን መዝለል ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ሲሆን ግን ጥሪው ለ2,000 ቤት ይደርሳል። የጥቆማ ሥርዓት የተፈጠረው ስሕተቱ ርካሽ ለሆነበት ሥራ ነው፤ በምርምራችን ውስጥ የምንኮራበት ትክክለኛነትም በዚያ ሚዛን የተለካ ነው።

ለዚህ ተብሎ የሚከማቸውስ መረጃ? ስም ቢፋቅለት ይበቃል የሚል መልስ እንዳይመጣ የፊልም አቅራቢውን ድርጅት ኔትፍሊክስን ላስታውስ። በ2006 ድርጅቱ የጥቆማ ሥርዓቱን በ10 በመቶ ለሚያሻሽል ሰው የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቅርቦ፣ የ480,000 ያህል ደንበኞችን 100 ሚሊዮን የፊልም ነጥብ ስማቸውን ሰርዞ ለተወዳዳሪዎች ሰጠ። ናራያናንና ሽማቲኮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት አንድ ሰው ለስምንት ፊልሞች የሰጠውን ነጥብ፣ ሁለቱ የተሳሳቱ ቢሆኑና ቀኑም በሁለት ሳምንት ቢዛነፍ እንኳ፣ የሚያውቅ ሰው ከመዝገቦቹ 99 በመቶውን ለይቶ ማውጣት እንደሚችል አሳዩ። በ2010 ሁለተኛው ውድድር ከክስና ከመንግሥት ጥያቄ በኋላ ተሰረዘ። እንግዲህ የፊልም ምርጫ ይህን ያህል ከተናገረ፣ የአንድ ከተማ ሰው በሙሉ የስልክ አጠቃቀም ተጠራቅሞ የተቀመጠበት ሰርቨር ለጄኔሲስ ማርኬት ዓይነት ነጋዴ ምን ያህል እንደሚያጓጓ መገመት አይከብድም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ለተወሰነ ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ የሚያዝዝ ነው፤ ወንጀሉን ለመክሰስ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ።

የቀረው ተማሪዎቻችን ከዚህ ርዕስ እንዲርቁ የተሰጠው ምክር ነው። ወደ ወንጀል ገበያ ይግቡ አልልም፤ የእኛ ጉዳይ እዚያ አይደለም። አንድ የመመረቂያ ጥናት ግን ከዚሁ ከድሬዳዋ ሳይወጣ ሊሠራ ይችላል፦ ጥቂት ስልኮች ላይ አዳዲስ አካውንቶችን መክፈት፣ አንዱን የሥራ ፈላጊ ወጣት፣ አንዱን የቤት እመቤት፣ አንዱን የተማሪ ጠባይ ማስያዝ፣ ከዚያም ከስንተኛው ጥቆማ በኋላ የአክስቴን ልጅ የበላው ዓይነት የአማርኛ ማጭበርበሪያ እንደሚመጣ፣ አንዴ ሲነካም በምን ያህል እንደሚበዛ በየቀኑ መመዝገብ ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጥናት ተደጋግሞ ተሠርቷል። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ አብሬያቸው ለማማከር ዝግጁ ነኝ፤ ለመጀመሪያው ወር ስድስት ያገለገሉ ስልኮች ይበቁናል፣ እነሱንም ታይዋን ገበያ ወርደን ተከራክረን እንገዛለን።